ፍሬን አይበደርም

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «ሂጂ፣ አስፈርሚ፣ መዝገቡን ዝጊ»።

ጣቢያው ውስጥ «እመት ጥርጥር» የሚል ቅጽል የወጣላት መርማሪ ይህን ስትሰማ ጫማዋን አውልቃ ያበጡ እግሮቿን ጠረጴዛው ሥር ዘርግታ ነበር። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። ጉልበቷ ግን ቀድሟት ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ ስትሰማ ኖራ ታክቷታል፤ አሁን አሁንማ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ከመተኛት በቀር የምትመኘው ነገር የለም።

«ምንድነው ነገሩ?» አለች።

«የጋራዥ አደጋ ነው» አለ ኃላፊዋ። «ከጎማ ሥር የተደገፈ ታኮ ሸርተት ብሎ መኪና ቁልቁል ወርዶ አንድ መካኒክ ግድግዳ ላይ አጣብቆ ገደለው። ስድስት ቀን ሆነው። የጋራዡ ባለቤት የሟቹ አባት ነው፤ ቃሉን ሰጥቷል። አባት በልጁ ሞት ይዋሻል እንዴ?»

«እንጃ» አለች እግሯን በግድ ወደ ጫማዋ እየከተተች። «ሰው በምን እንደማይዋሽ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።»

ጋራዡ ዳገት ላይ ነው። አሮጌ መኪናዎችን ሞተራቸውን አውጥቶ በባትሪ እንዲሄዱ ያደርጋል። ከበሩ ሲገቡ በቀኝ በኩል መኪና የሚፈተንበት የሲሚንቶ መውረጃ አለ፤ ከመውረጃው ግርጌ ደግሞ የድንጋይ ግድግዳ። ግድግዳው ወገብ ላይ አንድ ቦታ ታጥቦ ከሌላው ነጥቷል። ሟቹ የት ቆሞ እንደነበር ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። የገደለው የዳቦ መኪና እዚያው አጠገብ፣ አፍንጫው ጎድጉዶ ቆሟል። ከመሥሪያ ቤቱ በር በላይ በቢጫ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል «ፍሬን አይበደርም» የሚል ተጽፏል።

የጋራዡ ባለቤት ቱታውን ለብሶ ቢሮው በር ላይ ጠበቃት። ሁሉም «አለቃ» ነው የሚሉት። ስድሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ እጆቹ ሰፋፊ፣ ትከሻው ግን በስድስት ቀን ውስጥ የወደቀ ይመስላል።

«ነፍስ ይማር» አለችው። «በሐዘንዎ ላይ መጣሁብዎ።»

«ምን ይደረግ እመቤቴ። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?»

«እስቲ አንዴ ይንገሩኝ።»

«ምን አለው፤ መኪናው መውረጃው ራስ ላይ ቆሟል። ጠፍቷል። ውስጡ ማንም የለም። ልጄ ታች ግድግዳው ጋ የጣለው ብሎን ይፈልጋል። እኔ ቢሮ ነኝ። ታኮው ሸሸ። ድው ሲል ወጣሁ። በቃ።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ገና አልታሰረም ነበር። ሥራው መች አለቀ?»

«ቁልፉ የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ» አለና እጁን ዘረጋ። «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

ወረቀቱን አላነበበም። እመት ጥርጥር ሳያነብ ለመፈረም የሚቸኩል ሰው አይታ ታውቃለች፤ አብዛኛው ጊዜ ምስኪን ነው፣ አንዳንዴ ግን አይደለም። «ቆይ፣ እግሬ ትንሽ ይረፍ» ብላ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ይህን ሲነጋገሩ አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት በሰሃን ምግብ ይዛ ገባች። የሟቹ ሚስት፣ የአለቃ ምራት ናት። እሷም መካኒክ ናት፤ ከባሏ ጋር ጎን ለጎን ነበር የምትሠራው።

«አባባ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ቅመስ» አለችው።

አለቃ ሰሃኑን ተቀበለ፤ ፊቷን ግን አላየም። እሷ ግን አየችው። እመት ጥርጥርን ያስገረማት የዚያች ልጅ አስተያየት ነው። ሐዘን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር፤ ዓይኗ ላይ የነበረው ግን ውለታ ነው፣ በዕድሜ ልክ የማይከፈል ዓይነት ውለታ። ባሏ በሞተ በሳምንቱ ሴት ልጅ አማቷን እንዲህ የምታይበት ምክንያት ምን ይሆን?

እመት ጥርጥር እግሯን ለማሳረፍ ወጥታ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው የሚያወራው ያጣ ሽማግሌ ነበርና እስክትጠይቀው አልጠበቀም።

«ፖሊስ መጣ ሄደ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም» አለ።

«እኔ ልጠይቅዎት እንግዲህ። ምን ሰሙ?»

«ያችን ዝዝዝ የምትለዋን የፍሬን ፓምፓቸውን። እነዚህ የባትሪ መኪናዎች እኮ ድምፅ የላቸውም፣ ሲመጡ አይታወቅም። ያቺ ብቻ ናት የምትጮኸው። ጠረጴዛዬን ሳይቀር ታንቀጠቅጠዋለች።»

«መቼ ጮኸች?»

«ድው ከማለቱ በፊት ነዋ! አቤት ስትረዝም! የአንድ ሱሪ እግር ጠርዝ ጀምሬ እስክጨርስ እሷ እንደጀመረች ነች። ኋላ ዝም አለች። ተመስገን አልኩ። ወዲያው ደግሞ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛውን እግር ይዤ፣ ገና ምንም ሳልሰፋ፣ ድው! ከዚያ እሪታ።»

«የማን እሪታ?»

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ጎረቤት ነው፣ ጎረቤትን ማሳጣት ይከብዳል። «የሴት» አለ በመጨረሻ።

እመት ጥርጥር ተነፈሰች። ወደ ቤቷ መሄድ ቀርቶባታል።

የጋራዡ ዕቃ ቤት ውስጥ ያገኘችው ሰው «ካታሎግ» ይባላል፤ የመለዋወጫ ቁጥር ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቅ ነው። ቀጭን፣ ነጭናጫ ሰው ነው። «ፓምፕ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ግንባሩን ያዘ።

«ፓምፕ አታንሺብኝ እህቴ! ሦስት ወር አሳሬን ያበላኝ እሱ ነው። አንዴ ባዘዝነው ፈንታ ጎማ መንፊያ ላኩልን። አንዴ የሃያ አራት ቮልት መጣ፤ የእኛ መኪና አሥራ ሁለት ነው። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ገዝቼ ባመጣ ደግሞ ሟቹ ‹የሰው ነፍስ ነው የምናስረው› ብሎ ወረወረብኝ። እውነቱን ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

«ቆይ፣ እኔ እንዳልማርኩ ቁጠረኝ። ፓምፑ ምን ያደርጋል?»

«ፍሬን ስትረግጪ ጉልበትሽ ብቻ አይደለም መኪናውን የሚያቆመው። ሞተሩ አየር ይስባል፣ በዚያ ስበት ፍሬኑ ይታገዛል። እኛ ሞተሩን አውጥተን ጣልነው፤ የሚስብ የለም። ስለዚህ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ፓምፕ እናስራለን። ቁልፍ ስትከፍቺ ይነሳል፣ አየሩን መጥጦ ሲበቃው በራሱ ዝም ይላል። ፍሬን ስትረግጪ ስበቱ ይቀንሳል፤ ያኔ እንደገና ይነሳል።»

«ቁልፉ ካልተከፈተስ?»

«አይነሳም።»

«ፍሬን ካልተረገጠስ? አንዴ ዝም ካለ በኋላ?»

«ምን አስነስቶት? ደህና ከታሰረ አንድ ሰዓት ቢቆይም አይነሳ።»

እመት ጥርጥር ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። አለቃ መኪናው ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ነው ብሏል። ፓምፑ ግን ጮኋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

«የዳቦ መኪናው ላይ ያለው ፓምፕ የትኛው ነው?»

«አዲሱ! በስንት መከራ ሰኞ ዕለት አንድ፣ አንድ ብቻ ደህና ፓምፕ ገባልን። ወረፋው የዳቦ መኪናው ስለነበር ማክሰኞ ጠዋት ባልና ሚስቱ አሰሩት። በሽተኛ የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ደንበኛ አለን፤ እሱማ ሊፈነዳ! የእሱ መኪና ላይ ያለው አሮጌ ፓምፕ ደክሟል። ‹ሦስት ወር ሙሉ ነገ፣ ነገ ትሉኛላችሁ› ብሎ ከሟቹ ጋር አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ነበር። ከዚያ እኔ ጉምሩክ ሄድኩ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ተሰልፌ ቀረሁ። ስመለስ አልቋል።» ማኅተም ያለበት የወረፋ ወረቀቱን አውጥቶ አሳያት። ሳትጠይቀው ማውጣቱ አላስደነቃትም፤ በየቢሮው መጠርጠር የለመደ ሰው ነው።

ከካታሎግ ጋር የዳቦ መኪናውን ክዳን ከፍተው ገቡበት። ፓምፑ የጡጫ ያህል ነው፤ በሦስት ብሎን ታስሯል። ብሎኖቹ ላይ ቀጫጭን የቀለም ጭረቶች አሉ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቤቱ ደንብ ነው። ብሎን ያጠበቀ ሰው ከብሎኑ አናት እስከ ብረቱ ድረስ አንድ መስመር ይጭራል። ብሎኑ ከተነካ መስመሩ ይሰበራል፣ በዓይን ይታያል። ሟቹ ቀይ ነው። ሚስቱ ሮዝ፣ የጥፍር ቀለሟ ነው። አለቃ ቢጫ። እኔ ብሎን አልነካም፣ ቀለምም የለኝ።»

ቀዩም ሮዙም መስመር መሐል ላይ ተሰብሯል፤ የብሎኑ ላይ ግማሽ ወዲህ፣ የብረቱ ላይ ግማሽ ወዲያ። ቢጫው ግን በሦስቱም ብሎን ላይ ቀጥ እንዳለ ነው። እመት ጥርጥር መነጽሯን አድርጋ፣ አውልቃ፣ እንደገና አድርጋ አየችው። ከዚያ ካታሎግ ቁልፉን እንዲከፍት ነገረችው። ፓምፑ ዝዝዝ አለ። ቆጠረች። ሰባት ላይ ዝም አለ።

ልብስ ሰፊው ዘንድ ተመለሰችና አንድ ሱሪ አሰፋችው። «ማክሰኞ እንደሰፉት፣ ሳይቸኩሉ» አለችው። የአንዱን እግር ጠርዝ ሲጨርስ ሰባ ሁለት ቆጥራ ነበር።

አለቃን ያገኘችው ቢሮው ውስጥ ሰሃኑን ሳይነካ ተቀምጦ ነው። «አንድ ነገር ብቻ» አለችው። «የዳቦ መኪናው ብሎን ላይ ያለው ቢጫ የእርስዎ ነው?»

«አዎ። ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹ አስረው ሲጨርሱ ፈትሼ ነው የጫርኩት። ፍሬን ላይ ሁሌም እኔ ነኝ መጨረሻው።»

«ጥሩ» አለችና ጻፈችው።

ምራቲቱን ከጎማ ክምሩ ጀርባ አገኘቻት። ልጅቷ ስታያት ሸሸች፣ ግን የምትሸሽበት አልነበረም።

«ልጄ፣ ማክሰኞ ዕለት እሪ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ፊቷ ክው አለ። ከዚያ አንዴ የተከፈተ አፍ አልዘጋ አላት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት እትዬ። እኔ ነኝ! ልንፈትናት ነበር። ፓምፑ ዝም እስኪል ጠበቅሁ፤ እሱ ነው ያስተማረኝ፣ ዝም ሳይል አትነቃነቂ ይለኛል። ቆየ፣ ግን ዝም አለ። እሱ ታች ሆኖ በእጁ ነይ፣ ነይ ይለኛል። ለቀቅኳት። አንዴ ነካ ሳደርግ ያዝ አደረጋት። ሁለተኛ ስረግጥ ከእግሬ ሥር ደነደነብኝ፣ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሬ ቆምኩበት። አልቆመችም። ዓይን ለዓይን እየተያየን…»

እመት ጥርጥር ጠበቀቻት። ሌላ ምን ታደርጋለች?

«አባባ ሮጦ መጣ። ቁልፉን አጥፍቶ ጎትቶ አወረደኝ። ‹ፍሬን መስሎሽ ነዳጁን ነው የረገጥሽው› አለኝ።» የባትሪ መኪና ነዳጅ ባይኖረውም ማፍጠኛውን እዚያ ቤት አሁንም ነዳጅ ነው የሚሉት። «‹አይዞሽ፣ መኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም እላለሁ፣ ካንቺና ከእኔ ሌላ ማንም አይሰማም› አለኝ። ልጁን ገድዬበት እኔን አዳነኝ። እንዲህ ያለ ሰው የት አለ? ሥራውን ትቻለሁ። ከእንግዲህ እግሬ ፔዳል አይነካም። ግን ልጄ አራት ዓመቷ ነው እትዬ። ነገ አድጋ ‹አባቴን ማን ገደለው?› ብትለኝ፣ እኔ ብዬ ነው የምመልስላት?»

«ዛሬ ለማንም ምንም አትመልሺ» አለች እመት ጥርጥር። «ፊትሽን ታጠቢ። አሥር ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ እፈልግሻለሁ።»

ሹፌሩን በስልክ አስጠራችው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። መኪናውን በር ላይ አቁሞ አልወርድ አለ።

«ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። አለቃን ስለምነው ነበር። ከሰዓት በኋላ በዚያ ቁልቁለት የማወርዳት በሽተኛ ነበረችኝ።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«ሁሉም ምሳ ወጥቶ ነበር። እኔና አለቃ ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄድኩ።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። እመት ጥርጥር አልገፋችውም፤ መኪናውን ግን ወደ ግቢው እንዲያስገባ አዘዘችው።

አሥር ሰዓት ላይ አምስቱም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። አለቃ ወንበር ቀረበለት፣ ምራቲቱ ከኋላው ቆመች። ካታሎግ በሩን ተደግፏል፣ ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ነው፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቷል። ጣቢያው የላከው ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ያዛጋል። እመት ጥርጥር የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ ቆሞ ማስረዳት ለጉልበቷ አይሆንም።

«አላረዝምባችሁም» አለች። «ሁላችንም ደክሞናል። አለቃ መኪናው ጠፍቶ ነበር ብለውኛል። ልብስ ሰፊው ግን ፓምፑን ሰምቷል። ቁልፍ ሳይከፈት ፓምፕ አይነሳም። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ሰው ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለች ምራቲቱ።

«ዝም በይ!» አለ አለቃ ዘወር ብሎ። «ልጅቷ ሐዘን አናግሯት ነው እመቤቴ።»

«እሷ መሆኗን አውቃለሁ። ነዳጁን ረገጠች ብለው ነው የደበቋት። አይደል?»

አለቃ አንገቱን ደፋ። «አዎ። ምን ላድርግ? አንዱን ልጄን አጥቻለሁ፤ እሷንም ልጣ? እሥር ቤት ገብታ የልጅ ልጄን ማን ያሳድጋት? ቅጡኝ፣ እኔን ቅጡኝ።»

ካታሎግ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ፖሊሱ ሳይቀር ማዛጋቱን ተወ። እውነትም አንጀት የሚበላ ንግግር ነበር።

«ነዳጅ አልረገጠችም» አለች እመት ጥርጥር።

ወደ ካታሎግ ዞረች።

«ካታሎግ፣ ፓምፑ አንዴ ዝም ካለ በኋላ ምን ያስነሳዋል?»

«ፍሬን ሲረገጥ።»

«ነዳጅ ሲረገጥስ?»

«ነዳጅ ከፓምፑ ጋር ምን አገናኘው?»

«ልብስ ሰፊው ፓምፑ ዝም ብሎ እንደገና ሲነሳ የሰማው ከድው በፊት ነው። ከድው በፊት ይህች ልጅ ፍሬን ረግጣለች ማለት ነው። ደግሞ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደነደነብኝ ብላኛለች። ነዳጅ ስትረግጠው ይሰምጣል እንጂ አይደነድንም። የሚደነድነው ስበት ያለቀበት ፍሬን ነው። በሁለት እግሯ የቆመችው ፍሬኑ ላይ ነው።»

ምራቲቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«እንግዲያው ፍሬኑ ለምን ከዳት? ከሰዓት በፊት ፓምፑን ስናስነሳው በሰባት ቁጥር ዝም አለ። ደህና ፓምፕ ነው። ልብስ ሰፊው ግን የሱሪ እግር ጠርዝ ሰፍቶ እስኪጨርስ ሲጮህ ሰምቷል። ሰባ ሁለት ቆጥሬበታለሁ። ስለዚህ ማክሰኞ የዳቦ መኪናው ላይ የነበረው ፓምፕና ዛሬ ያለው አንድ አይደሉም።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ቁልፉን ክፈትልኝ።»

ሹፌሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ክፈት እንጂ ወንድሜ።»

ከፈተ። ከመኪናው ፊት ዝዝዝ የሚል ድምፅ ተነሳ። ሃያ። ሠላሳ። ሃምሳ። አለቃ ዓይኑን ጨፍኗል። ሰባ ሊሞላ ሲል ዝም አለ።

«እሷው ናት!» አለ ልብስ ሰፊው። «እሷው ራሷ!»

ካታሎግ ሹፌሩ ላይ ተወረወረ፤ ፖሊሱ ነው የያዘው። «ሰረቅከው! በምሳ ሰዓት ፈተህ ወሰድከው! አንተ ነህ የገደልከው!»

«ተው፣ ረጋ በል» አለች እመት ጥርጥር። «እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ሦስት ወር የጠበቀ፣ ጠዋት የተጣላ፣ ምሳ ሰዓት እዚህ የነበረ ሰው ነው። ግን ፓምፕ የሰረቀ ሰው ወስዶ ይቀራል እንጂ መልሶ አምጥቶ አያስርም። ቀዩና ሮዙ መስመር ተሰብሯል፤ ባልና ሚስቱ ያሰሩት ፓምፕ ተፈትቶ ነበር። ቢጫው ግን ሙሉ ነው። አለቃ ማክሰኞ ጠዋት ነው የጫርኩት ብለውኛል። ማክሰኞ ጠዋት ቢሆንማ ኖሮ ፓምፑ ሲፈታ ቢጫውም ከሌሎቹ ጋር በተሰበረ ነበር። ያ ቢጫ የተጫረው ፓምፑ ተመልሶ ሲታሰር ነው። ልጁ ከሞተ በኋላ።»

ሹፌሩ ከመኪናው ወረደ። «የቀብሩ ዕለት ጠዋት ደወለልኝ። ‹መኪናህን አምጣ› አለኝ። ሰው ሁሉ ለቀብር ሲሰበሰብ እኛ እዚህ ነበርን። የእኔን አሮጌ መለሰልኝ። እያለቀሰ ነው የሚያስረው። ሥራ ሐዘኑን ያስረሳው ይሆናል ብዬ… አይ፣ አልዋሽም፤ ጠርጥሬ ነበር። ፈራሁ።»

«እያለቀሰም ቀለሙን ጫረ» አለች እመት ጥርጥር በዝግታ። «አርባ ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ያጠበቀውን ብሎን ሳይጭር አያልፍም። ሊደብቅ የመጣውን ነገር በራሱ ቀለም ፈረመበት።»

ሁሉም አለቃን አዩት። እሱ ከበሩ በላይ የጻፈውን ቢጫ ጽሑፍ ያያል።

«ሌላው ዕቃ ይበደራል» አለ በመጨረሻ። «መኪና ዛሬ መውጣት ካለበት፣ ከቆመው ፈትተን ለሚሄደው እናስራለን፣ ዕቃ ሲመጣ እንመልሳለን። የትኛው ጋራዥ ነው የማያደርገው? ፍሬን ግን አይነካም ብዬ ራሴ ጻፍኩ። ማክሰኞ ይሄ ሰው ለመነኝ። በሽተኛዋ አሮጊት ናት፣ ቁልቁለቱ ክፉ ነው። የዳቦ መኪናው ደግሞ የሚፈተነው ረቡዕ ነው። ማታ አስመልሰዋለሁ ብዬ አዲሱን ሰጠሁት፣ የእሱን አሮጌ እዚህ አሰርኩ። ልጄን ብነግረው ይጮህብኛል። አፈርኩ። በልጄ ፊት አፈርኩ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ማክሰኞውኑ እንደሚያወርዱት ማን ነገረኝ?»

«ባሌ ነው የቸኮለው» አለች ምራቲቱ፤ ድምፁ ከእሷ የወጣ አይመስልም። «ረቡዕ ልጃችንን ይዘን ልንወጣ አስበን ነበር።» ከኋላው ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። «እሺ፣ ፓምፑ ይሁን። ሰው ይሳሳታል። እኔን ነዳጅ ረገጥሽ ያልከኝ ለምንድነው?»

«ልጄ…»

«ለምን?»

«አንቺ ወጣት ነሽ» አለ። «ቀስ እያለ ይወጣላታል፣ ትረሳዋለች ብዬ ነው። እኔ ግን ልጄን በእጄ ገደልኩ ብዬ አንዲት ሌሊት አላድርም ነበር።»

«እኔስ?» አለችው። «ስድስት ሌሊት አደርኩ እኮ። ስድስት ሌሊት ይህን እግሬን ልቁረጠው እያልኩ አደርኩ። ጠዋት ጠዋት ምግብ ይዤልህ ስመጣ፣ ይቅር በለኝ ብዬ ጉልበትህ ላይ ስወድቅ፣ ራሴን እየደባበስክ ‹ይቅር ብዬሻለሁ› አልከኝ። አላፈርክም? ያኔስ አላፈርክም?»

ፖሊሱ አለቃን ክንዱን ይዞ ሲያስነሳው አልተቃወመም፤ በሩ ጋ ደርሶ ዞር ለማለት ሞከረ፣ ከዚያ ተወው። ሹፌሩም ቃሉን ሊሰጥ አብሮ ሄደ፤ መኪናው ግን ካለችበት ንቅንቅ እንዳትል ካታሎግ ቁልፉን ተቀበለው። ልብስ ሰፊው አንገቱን እየነቀነቀ ወደ ሱሪዎቹ ተመለሰ።

እመት ጥርጥር ከሳጥኑ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክራ በሦስተኛው ቆመች። ነገሩ ስላለቀ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ምንም ደስ አላላትም። ያንን ሽማግሌ አልጠላችውም፤ ድካሟን የጨመረባትም ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ይህን ሁሉ መጻፍ አለባት፣ ነገ ኃላፊዋ ይነጫነጭባታል።

ምራቲቱ አለቃ የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን ታያለች።

«እትዬ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«ያሉትን። እግሬ የት እንደነበረ።»

«ፍሬኑ ላይ ነበር ልጄ። ሁለቱም እግርሽ።»

«ለልጄም እንደዚሁ እላታለሁ?»

«እንደዚሁ ትያታለሽ። ካላመነችሽ እኔ ጋ ይዘሻት ነይ፤ ጡረታ ብወጣም አልጠፋም።»

ልጅቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ብቻ አለቀሰች። ረጅም አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ። እመት ጥርጥር ትከሻዋን ይዛ ቆመች፣ ጉልበቷ እየነዘራትም ቢሆን አልተቀመጠችም። ሲወጣላት ልጅቷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ በሩ አየች። ጨለምለም ማለት ጀምሯል።

«ጣቢያ ራት ይሰጣሉ?» አለች።

«አይሰጡም። ቤተሰብ ነው የሚያመጣው።»

«ከእኔ ሌላ ሰው የለውም» አለች። «ዛሬ ግን አልወስድለትም።»